ጭስ የሌለው ሰንደል

በዚያ የረሃብ ዘመን ከመተማ ቆላ ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንደርስ፣ ወንድሜ የእርሻ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሱንዳ ሄደ፤ እኔ ደግሞ በአንድ ጎንደሬ እስላም ነጋዴ ቤት ተቀጠርኩ። የነጋዴውን ሚስት እትዬ እላቸው ነበር።

ባለቤታቸው ከጅዳ ሲመለሱ አንድ ሻማ ይዘው መጡ። እኛ የምናውቀው ቀጭኑ ሻማ አይደለም። ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ የረጋ፣ ቅቤ የመሰለ፣ የወርቅ ቀለም ክዳን ያለው ነው። ሲከፈት ሰንደል ሰንደል ይሸታል። እኔ ሻማ የማውቀው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሽቶ ያለው ሻማ አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

እትዬም ገርሟቸው የሚታጠኑበትን የሰንደል እንጨት ማስቀመጫ ጣሳቸውን አመጡ። እንጨቱ ካለቀ ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ማን ሰንደል ይገዛል? ሽታው ግን ጣሳው ላይ ቀርቷል። አንዴ ጣሳውን፣ አንዴ ሻማውን ያሸታሉ።

«ያው ራሱ ነው! እንጨቱን የት ደበቁት?»

«ክሩ ውስጥ ይሆን?» አልኩ።

«እስቲ እንየዋ!» ብለው ለኮሱት።

እንደ ልማዳቸው ልብሳቸውን ሊያጥኑ ቶባቸውን፣ ያን ሰፊ የሱዳን መከናነቢያ፣ ከላዩ ዘረጉ። ጭስ የለም። ዝቅ ቢያደርጉት ጫፉ ተለበለበ፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶ ወደ ግቢው ወጣ።

ወዲያው ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ሳትነግሩኝ ሰርግ ደገሳችሁ?» አለች በዓረብኛ። በዚያ አገር ሰንደል የሸተተበት ቤት ሙሽራ አይጠፋውም። የእሷ ልጅ ሰርግ ግን ዝናቡ ከቀረ ወዲህ እንደተራዘመ ነበር። ሻማውን አየችና ተጠግታ አሸተተችው።

«ልጅሽን ለምን አትድሪም?» አሏት እትዬ።

«ምን አርጄ?»

«ዘንድሮ ከማን ቤት በሬ ይጠበቃል? የምንቀምሰውን እኛ እናዋጣለን። ሻማውንም ውሰጂው።»

ሙሽራው ሎሪ ላይ እህል የሚጭን ልጅ ነበር፤ ሲነግሩት ደስታውን አልቻለውም። የሰፈሩ ሴቶች ዱቄት በየሳህኑ አመጡ። በሰርጉ ቀን ገንፎ በደረቀ ባምያ ወጥ ቀረበ።

እኔ ሙሽራዋ ክፍል ሻማው አጠገብ ተቀምጬ ስመለከት ዋልኩ። ለካስ ሽታው ከቀለጠው ሰም ነው! ይህንኑ ስናገር አንዲት አሮጊት «ጭስ ከሌለው እንቀባታለና» አሉ፤ ለብ ያለውን በጣታቸው ጠቅሰው የሙሽራዋን ክንድ ቀቡ። ወዲያው ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላላጥ ጀመር።

ሙሽራዋ ክንዷን አንስታ «እናቴ፣ ዓሣ ሆንኩልሽ!» አለች።

ለወራት ሳቋ ያልተሰማው እናቷ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከውጭ ከበሮው ተመታ።