የሙላቴ ጣቶች

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሙላቴ ያን ጊዜ ወፍጮ ቤት ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ወፍጮው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር የቆመ፣ በናፍጣ የሚሠራ የድንጋይ ወፍጮ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ እህሉን የሚያፈሰው፣ ድንጋዩ ሲደንዝ አውርዶ የሚወቅረው ግን ሙላቴ ነበር። ዱቄቱ መላሙን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም። ከመውረጃው ሥር መዳፉን ይዘረጋል፤ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል፤ ጣቶቹ ይነግሩታል። የአገሩ ሴቶች እህላቸውን የሚያምኑት ለእሱ ጣት እንጂ ለሞተሩ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ጋሽ ካሳሁን ከበሩ ላይ ሲቆሙ ጣቶቹን ያልባቸዋል። ያላበው ጣት ላይ ዱቄት ይለጠፋል፤ የተለጠፈ ዱቄት ደግሞ ምንም አይናገርም።

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ባለፈው ዓመት አብሮት ይሠራ የነበረ ፈንታሁን የሚባል ሰው ጆንያ ቀዶ እህል ቢደፋ፣ ጋሽ ካሳሁን ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት «ውጣልኝ! እጅህ ይሰበር!» ብለው አባረውታል። ፈንታሁን አሁን መናኸሪያው ውስጥ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ሸክም ይጠብቃል። ሙላቴ በዚያ ማለፍ ሲኖርበት በሌላ መንገድ ይዞራል። እሱም ያለችው መሬት አንዲት ጭንጫ ቁራሽ ናት፤ ከወፍጮ ቤቱ ከወጣ አራት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ በር አልነበረውም። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ወፍጮ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የጋሽ ካሳሁን ቁጣ ጭራሽ ባሰ።

አንድ ዓርብ ሙላቴ በማለዳ ድንጋዩን ወቅሮ መልሶ ገጠመው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ ፉርሽካ ይፈጭበታል። ፉርሽካው የድንጋዩን ፍርፋሪና አሸዋ ጠርጎ ይወጣል፤ እሱ ይደፋል። የሰው እህል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሙላቴ የፉርሽካውን ከረጢት ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጋሽ ካሳሁን ከኋላው ደረሱ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፉርሽካ ነው ጋሼ። ድንጋዩን እንዲጠርግልኝ...»

«ወረፋው መንገድ ድረስ ወጥቷል፤ አንተ ለፉርሽካ ናፍጣ ታቃጥልብኛለህ? እነዚህ ተነሥተው ወደዚያ ማዶ ቢሄዱ አንተ ትመልስልኛለህ? እህል አግባ!»

ሙላቴ ከረጢቱን ተወው። ወረፋው ፊት ላይ ያለው የእትዬ ትርንጎ ጤፍ ነበር፤ አንድ ማዳበሪያ። ከጋፋት በአህያ ጭነው የመጡ ባልቴት ናቸው፤ እሑድ የባላቸው ተዝካር ነው። ጤፉን አፈሰሰው። መዳፉን ዘረጋ፣ ቆነጠረ፣ አሸ። ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ተለጠፈበት።

«ሙላቴ፣ ዛሬስ ፊትህ ከዱቄቱ ነጣ!» አለች ብዙነሽ የምትባለው ጠላ ሻጭ። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

እትዬ ትርንጎ «እጅህ ይባረክ ልጄ» ብለውት ጭነው ሄዱ። ወዲያው ጋሽ ካሳሁን ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

የሙላቴ እጅ ደረቀ። ከመውረጃው ከንፈር ላይ የቀረችውን ዱቄት እንደ ልማዱ ቆንጥሮ ቢያሻት ጣቶቹ ነገሩት። ምላሱ ላይ ጣል አድርጎ ነከሳት። ቅጭ አለች።

ሆድ ይፍጀው ሊል ፈለገ። ማን ያየዋል? ግን እሑድ ታየው። ካህናቱ ተቀምጠው፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ከጥርሳቸው ሥር ቅጭ ሲል፤ ነፍስ ይማር ሊል የመጣው ሰው እየተፋ ሲነሣ፤ ባልቴቷ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ። ዓይኑን ከዚያ ሲመልስ ደግሞ መናኸሪያውና የፈንታሁን ገመድ ታየው። ቢሆንም እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው።

ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራው።

«ምነው፣ ናፍጣ አለቀ?» አለች ብዙነሽ።

«የእትዬ ትርንጎ ዱቄት አሸዋ አለበት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስክመለስ ጠብቁኝ፤ የቸኮለ ወደ ማዶ ይሂድ።»

«አብደሃል አንተ? ካሳሁን ቢመጣ ይሰቅልሃል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለና ሮጠ።

ጋፋት መግቢያ ላይ ደረሰባቸው። እትዬ ትርንጎ አሯሯጡን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ምነው ልጄ? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም እትዬ። ዱቄቱን እንዳያቦኩት።»

ነገራቸው። የማዳበሪያውን አፍ ፈትተው ቀመሱና መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ።

«ስታፈሰው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«እሱን ፈራህና ለእኔ ድንጋይ ፈጨህልኝ።»

«ከቤቴ ጤፍ አለ፤ ዛሬውኑ ፈጭቼ በትከሻዬ አመጣልዎታለሁ» አለ።

«ልጆችህስ?»

«ገብስ ይበላሉ።»

ጤፉን ከቤቱ ተሸክሞ ሲመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከወረፋው የቀረው ጥቂት ሰው ነው። ብዙነሽ ጆንያዋ ላይ እንደ ተቀመጠች ናት። ጋሽ ካሳሁን ከለቅሶ ተመልሰው በሩ መሐል ቆመዋል።

«ማነው ሞተሩን ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ማን ፈቅዶልህ? ሰው ሁሉ ማዶ ሲሻገር አይተሃል? አይተሃል ወይ!»

ሙላቴ «እጅህ ይሰበር» የሚለውን ጠበቀ። ከኪሱ በጨርቅ የቋጠረውን የእትዬ ትርንጎን ዱቄት አውጥቶ ዘረጋ። «አሸት ያድርጉት።»

ጋሽ ካሳሁን ነጥቀው ቆነጠሩ። ሙላቴ ፊታቸውን ማየት አይችልምና የሚያየው እጃቸውን ነበር። ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ጣታቸው ላይ ተለጥፏል።

«ይኼ ምን አለው? ምንም የለውም!»

«እጅዎን አልቦዎት ነው ጋሼ። ይንከሱት።»

ማንም አልሳቀም፤ ብዙነሽ እንኳ። ጋሽ ካሳሁን ነከሱት። ዓይናቸው ወደ ማዶው ወፍጮ ሄደና እዚያው ቆየ።

«ይኼ ያመጣኸው ጤፍ ከማን ጎተራ ነው?»

«ከእኔ።»

«ስንት ሰው ሰማ?»

«ሁሉም።»

በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ፉርሽካውን አስገባ» አሉና ከበሩ ሳይነቃነቁ ቆሙ።

ሙላቴ መባረር አለመባረሩን አላወቀም፤ መጠየቅም አልደፈረም። ፉርሽካውን አሳለፈና ደፋው፤ የራሱን ጤፍ አፈሰሰ። ጋሽ ካሳሁን ከጀርባው ነበሩና ጣቶቹን አላባቸው። በጋቢው ጠርጎ ዘረጋ፣ እንደገና አላባቸው፣ እንደገና ጠረገ። ጣቶቹ እስኪናገሩ ድረስ አንድም ፍሬ አልጨመረም።

ዱቄቱን ጋፋት አድርሶ ገባ። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ቅዳሜ ማለዳ የመጣው በሩ ተቆልፎ ሊያገኘው ተዘጋጅቶ ነው። በሩ ተከፍቷል። የፉርሽካው ከረጢት እንደገና ተሞልቶ ከማፍሰሻው አጠገብ ተቀምጧል። ያስቀመጠው እሱ አልነበረም።