ተረኛዋ ሶስና

ስልኩ ሲጠራ ገብስ እያበጠርሁ ነበር። የደወለችው ማህሌት ናት፤ ከእህቴ ከሶስና ጋር በኮሮና ክፍል የምትሠራ ነርስ። «እትዬ ፈንታነሽ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ። ብቻዬን መሆኔን ስነግራት «እንግዲያ ጎረቤት ጥሪ» አለችኝ። ሶስና በምታስታምምበት ክፍል ራሷ ታማ ከተኛች ሰንብታ ነበር፤ ሌላ አልጠየቅኋትም። ሰፌዱን አስቀምጬ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።

ሶስና ጉና ሥር፣ ከገበሬ ቤት የተወለደች፣ ደብረ ታቦር ተምራ እዚያው ነርስ የሆነች ናት። ሳቂታ ነበረች። ጎረቤታችን ዘይነብ ከሱቋ በር ላይ ሆና፣ «ሲስተር፣ ዛሬም ተረኛ ነሽ? ሆስፒታሉን አግብተሽዋል እንዴ?» ስትላት፣ «ባል ቢሆንማ በጊዜ ይለቀኝ ነበር» ብላ ታልፋለች።

የዚያ ክፍል ሥራ ከባድ ነበር። የላስቲኩ ልብስ አንዴ ከተለበሰ ቶሎ ስለማይወለቅ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። ማስኩ አፍንጫዋን ልጦት ነበር። ነርሶቹን የሚያነጋግርና የሚያጽናና ባለሙያ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ይህን ሁሉ ችላው ነበር፤ ያስቻላት ማኅበሯ ነው። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ለ2013 ዓ.ም. የካቲት፣ ለዓመታዊው በዓል፣ ተራው የእሷ ነበር። «ያን ቀን ሆስፒታል ቢጠሩኝ፣ ተረኛ ነኝ፣ ግን በቤቴ እላቸዋለሁ» እያለች ትስቅ ነበር። ጌሾውን ከሐሙሲት አስመጥታ ራሷ ወቀጠችው።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ጋሽ መልካሙ ናቸው። እናታቸው በበሽታው ተይዘው ሲገቡ በእጇ እያጎረሰች ለቤታቸው ያበቃቻቸው ሶስና ናት። ጋሽ መልካሙም ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ቆመው፣ «ከእንግዲህ ልጄ ነሽ» ብለዋታል።

ጥር ላይ፣ ተመርምራ ነጻ ከተባለች በኋላ፣ ጽዋውን ልትረከብ ባለተራዋ ውብአለም ቤት አብረን ሄድን። ቄስ ኪዳኔ ጸሎቱን አሳረጉ። ሶስና ብድግ አለች። ጋሽ መልካሙ ጽዋውን አንሥተው እሷን አልፈው ከጎኗ ለነበረችው ማኅበርተኛ ለየሺ ሰጡ።

«ጋሼ፣ ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን፣ ልጄ። ትንሽ ትቆይ ብለን ነው። የምትውዪበት ቦታ…»

«ተመርምሬያለሁ እኮ!»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ አትጠጋጉ፣ በአንድ ዕቃ አትጠጡ ያልሽን? ቃልሽን አከበርን።»

አንድ ሰው ከጥግ ሳቀ። ቤቱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነበር የተቀመጥነው፤ ማስክ ያደረገችው ሶስና ብቻ ናት። የሺ ቀና ብላ ሳታያት ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄስ ኪዳኔ መስቀላቸውን ያገላብጡ ነበር።

ስንወጣ፣ «እዚያ ክፍል ስገባ እኮ እነሱ ከኋላዬ ያሉ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በሽተኞቿን አላጓደለችባቸውም፤ የዘይነብን ቀልድ ግን መመለስ ተወች። ማህሌት እንደነገረችኝ፣ ዕረፍት ሲደርሳት «የት እሄዳለሁ?» እያለች የሌሎቹን ተራ ትሠራላቸው ነበር። ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው እሷም ተያዘች።

በአርባዋ ማኅበርተኞቹ ጋሽ መልካሙን አስቀድመው መጡ።

«ጀግናችን ነበረች» አሉ ጋሽ መልካሙ። «ጽዋውን ይዘንልሽ መጥተናል። ተራዋን በስሟ አንቺ አውጪላት።»

«ተረኛዋ እኔ ነኝ ስትልዎ ሰምተዋት ነበር፣ ጋሼ» አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ይቅርታ ግን አላሉም። ዘይነብ ቀቅላ ያመጣችውን ንፍሮ ቀምሰው፣ ጽዋቸውን ይዘው ሄዱ።

ማኅበሩ ዛሬም በየወሩ ይዞራል። የሶስናን ተራ እስካሁን አላወጣሁላትም።