የወፍጮው እርሳስ የት ገባ?

ታረቀኝ እየተጣደፈ ወፍጮ ቤቱ ገባና ሞተሩን ድርግም አደረገው። የእማሆይ ወለተ ሚካኤል ገብስ ገና ግማሹ አልተፈጨም። ውጭ አህያውም ሰውም እስከ ግራሩ ድረስ ተሰልፏል።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ላይ ስትደርስ ናፍጣው አለቀ?» አሉ እማሆይ።

«ናፍጣስ ሞልቷል። ድንጋዩን አንዴ ላየው ነው።»

«ድንጋይ አይቶ የጠገበ የለም፣ ፍጭልን እንጂ!» አለ ውበቱ፣ የጤፍ ጆንያውን እንደተደገፈ። ሰው ሳቀ። ታረቀኝ አልሳቀም። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው በነጠላ ጫማ ነው የቆመው። ወፍጮውን ስታሠራ የዋለችው ሚስቱ የብርጓል፣ ዱቄት በዱቄት ሆና አፍጥጣ ታየዋለች። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄዶ መምጣቱ ነው፤ ከመኪና ወርዶ ቤቱ እንኳ አልገባም።

«ኩላሊትዎ ደክሟል» ብላው ነበር ሐኪሟ።

ሌላ ሰው ቢሆን መድኃኒቱን ተቀብሎ ይወጣል። ታረቀኝ ግን ድሮም ነገር መጠየቅ ይወዳል። ዲማ ደብር የቆሎ ተማሪ ሳለ «ለምን?» እያለ የኔታን አሰልችቶ፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ ነው ከሞተር ጋር የቀረው። «ከምን መጣ?» አላት። እሷም ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። እየተጠያየቁ ድንጋዩ ላይ ደረሱ።

የድንጋዩ ነገር እንዲህ ነው። የላይኛው ድንጋይ የሚያዞረውን ብረት የያዘበት ቀዳዳ ሰፍቶ ይወዛወዝ ነበር። ታረቀኝ ካሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥቶ አቀለጠና ጢም አድርጎ ሞላው። ድንጋዩ ጸጥ አለ፤ ዱቄቱም ላመ። ስሙ ወጣ፣ የሩቅ ጎጥ ሰው ሳይቀር መጣ። ዘዴውን ግን ለማንም አልተነፈሰም፤ ሌላው ወፍጮ ቤት እንዳይቀዳበት።

«እርሳስ ከምግብ ጋር ቀስ እያለ ከገባ ኩላሊት ይጎዳል» አለችው ሐኪሟ። «የርስዎ ከዚያ ነው ማለት ግን አልችልም፣ መመርመር አለበት። ከዱቄቱ ያምጡልኝ።»

አሁን ውበቱን ጠራና ድንጋዩን ተጋግዘው ገለበጡት። ታረቀኝ ተንበርክኮ እርሳሱን ዳበሰ። ሲሞላው ካፍ እስከ ገደፉ ነበር፤ አሁን ጣቱ ወደ ውስጥ ጠለቀ። ከሥር አየ፣ ወለሉን ጠረገ፣ የእርሳስ ብናኝ የለም።

«እና የት ሄደ?» አለ፣ ለራሱ።

«የት ይሄዳል፣ ከዱቄቱ ጋር ነዋ!» አለች የብርጓል። ወዲያው አፏን ያዘች፣ ጠጋ ብላም አንሾካሾከች፦ «ዝም በል በማርያም። ሰው ከሰማ ማን ይመጣልናል? ልጆቹን በምን ልናሳድግ ነው?»

ታረቀኝ ቀና ሲል እማሆይ የተፈጨውን ገብሳቸውን እየቋጠሩ ነው።

«እማሆይ፣ ይቅርብዎ። አይብሉት።»

«ምን አደረግህበት?»

ነገራቸው። ባትሪውን፣ ማቅለጡን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ እሷም ገና እርግጠኛ አለመሆኗን ሁሉ። አንዲት ሴት ያዘለችውን ልጅ ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱን አገላብጣ ታይ ጀመር።

«እስከ ዛሬ የበላነውስ?» አለ ውበቱ።

«እኔም ልጆቼም ያንኑ ነው የበላን።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ምን እንሆናለን ነው የምልህ!»

ታረቀኝ ሐኪሟ አምጣ ያለችውን ዱቄት እፍኝ ዘግኖ በጨርቅ ቋጠረ። ሐኪሟም አልነገረችውም፣ እሱም አያውቅም።

«እንጃ፣ ወንድሜ» አለ።