እጅን ወደ ጎን አውርዶ መቆም

ወረቀቱ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የአንድ ቃል ፍቺ ስፈልግ ከመዝገበ ቃላቱ መሐል ሾልኮ ጭኔ ላይ ወደቀ። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሰም ጠብ ብሎ ደርቆበታል። በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «መቺው ወደ ኳሱ መንደርደር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ኳሱ እስኪመታ ድረስ ተከላካዮች እጃቸውን ወደ ጎን አውርደው፣ ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ። አይጩኹ።»

«ምንድን ነው እንደዚህ የምታሸተው?» አለኝ ከላይኛው አልጋ ያለው ጓደኛዬ።

«የራግቢ ሕግ ነው» አልኩት።

ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ግን ያን ቀን ንባቤን መቀጠል አልቻልኩም። እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንዲት ፈረንጅ እንግሊዝኛ ልታስተምረን ላሊበላ መጣች። ፈረንጅ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብን ሻንጣዋ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ቡኒ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ኳስ አወጣች። አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። መሬት ላይ ሲያነጥሩት ወደ ፈለገበት ይዘላል እንጂ ወደ ሰው አይመለስም። በዚያው ቀን ስም ወጣለት፤ «እንቁላሉ» ተባለ። ጾም ሲገባ የሰፈር ሴቶች አምበላችንን መንገድ ላይ እያስቆሙ «አንተ ዲያቆን፣ በጾም እንቁላል ታቅፈህ ትሮጣለህ አሉ?» እያሉ ያበሽቁት ነበር። አምበላችን እውነትም ዲያቆን ነው። ጠዋት ይቀድሳል፣ ከሰዓት እንቁላሉን ታቅፎ ይሮጣል።

የጨዋታውን ሕግ የያዘችውን ትንሽ መጽሐፍ ቲቸር ለእኔ ሰጠችኝ። በፕላዝማ የሚሰጠውን ትምህርት አንድ ቃል ሳላስቀር የምገለብጥ ልጅ ስለነበርኩ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ሰው ደስ እንዲለው ማድረግ እወድ ነበር፤ አሁንም ይህ ጠባይ አልለቀቀኝም። ሽማግሌ ካየሁ ከሩቁ እነሳለሁ፣ ቄስ ካየሁ ከሩቁ ጎንበስ እላለሁ። ቲቸርም «ጎበዝ» እንድትለኝ ስል አንድ ወር ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ሕጉን ወደ አማርኛ መለስኩት።

ልጆቹ ሁሉንም ሕግ ተቀበሉ፤ ይህችን አንዲቱን ግን አልዋጥ አለቻቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቡድን ሲያጠፋ ሌላው ኳሱን መሬት ላይ አቁሞ በሁለቱ ቋሚዎች መሐል፣ ከአግዳሚው በላይ እንዲያልፍ ይመታል። ከገባ ሦስት ነጥብ ነው። ያጠፋው ቡድን በዚያን ጊዜ የሚሠራው ሥራ የለም። ይቆማል፣ አለቀ።

«እንግዲህ ይሄ ምኑ ነው መከላከል?» አለ አምበላችን። «ቆመን ልናስመታ?»

«በገና ጨዋታ እኮ ሰው ከመምታቱ በፊት ዘር ማንዘሩ ይሰደባል» አለ ረጅሙ የቡድናችን ልጅ። «አፋችንንም ልትዘጉብን ነው?»

ቲቸር በተሰባበረ አማርኛዋ «ዝም። መቆም። አክብሮት» አለች፤ ከዚያ በላይ አላብራራችም።

ቀጣዩን መስመር አነበብኩላቸው። ተከላካይ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጮኸና ኳሱ ከገባ፣ ነጥቡ ይጸድቃል። ካልገባ ግን መቺው አሥር ሜትር ወደ ፊት ቀርቦ እንደገና ይመታል። ይህን ሲሰማ አምበላችን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ከጧፎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ሐሳቡን ለውጦ፣ ወረቀቱንም ሊመልስልኝ ይዞ መጣ። «ቅዳሴ ላይ ሁለት ሰዓት የምንቆም ሰዎች እዚህ አንድ ደቂቃ ሊያቅተን ነው?» አለና በየቀኑ ከሰዓት ከባሕር ዛፍ በተሠራው ጎል ሥር ይደረድረን ጀመር። አፍንጫውን ያከከ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። እኔ አንድም ቀን ዞሬ አላውቅም። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሸና እየሄደች እዚያ ላሉ ልጆችም ታስተምር ነበር። የመሄጃዋ ጊዜ ሲደርስ ታዲያ ኳሱ ነገር አመጣ። በአካባቢው ያለው ራግቢ ኳስ እሱ ብቻ ነው። እኛ የእኛ ነው አልን፤ ጋሸናዎችም የእኛ ነው አሉ። «ተጫወቱ» አለች ቲቸር። «ያሸነፈ ይወስዳል።»

ታኅሣሥ ላይ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት። ጋሸናዎች በአይሱዙ ላይ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው፣ እየጨፈሩ መጡ። ሾፌራቸው ሜዳው ዳር አቁሞ ክላክሱን ያስጮኸዋል።

«እናንተ ጿሚዎች!» አሉን ገና ሳይወርዱ። «እንቁላሉን ስጡንና በሰላም ቀድሱ!»

«ጋሸና ጾም አልገባም እንዴ?»

«መንገደኛ አይጾምም!»

ሕዝቡ ሳቀ። የላሊበላ ሰው ግማሹ እዚያ ነበር ብል አልዋሽም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሕፃናት ድንጋይ ካቡ ላይ ወጥተዋል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው የከሰዓት ነፋስ የደረቀውን ሣር ያስተኛዋል።

ልጅ ስላልሞላን አሥር ለአሥር ተጫወትን። ጨዋታውን ሁሉ አልተርክላችሁም። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ቀን የቀረ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሁለት ነጥብ እንበልጣቸው ነበር። ኳሱ የእኛ ሊሆን ነው ስንል ረጅሙ ልጃችን ኳስ ያልያዘ ሰው ጠልፎ ጣለ። ቲቸር ፊሽካዋን ነፋች። ለጋሸና ቅጣት ምት ሆነ፣ የመጨረሻው። ከገባ ሦስት ነጥብ ያገኛሉ፣ በአንድ ነጥብ ይበልጡናል፣ ኳሱም ይሄዳል።

የሚመታው ከትምህርት ቤት መልስ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነበር፤ የባቱ ውፍረት የእኔን ጭን ያክላል። ኳሱን ከግራው መስመር አጠገብ፣ ከመኪና ጎማ ቆርጦ በሠራው ቀለበት ላይ አቆመው። እኛ ጎሉ ሥር ተደረደርን። እጃችን ወደ ጎን ወረደ፣ አፋችን ተዘጋ። በስተቀኝ በኩል የመጨረሻው እኔ ነበርኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የእግር መንገድ አጠገቤ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ የሰማሁት መቋሚያ ነው። ድንጋይ ይነካል፣ ኮቴ ይከተላል፤ እንደገና ድንጋይ ይነካል። ሳልዞር አወቅኋቸው። የነፍስ አባታችን ነበሩ፤ የታመመ ሰው ጠበል ረጭተው መመለሳቸው ነው። አባ ስለ ራግቢ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያዩት አሥር ልጆች በአንድ መስመር፣ ዝም ብለው፣ እጃቸውን አውርደው ሲጠብቁ ነው። ሰው እንደዚያ ተደርድሮ ሲቆም በዕድሜያቸው ሁሉ የሚያውቁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስቀል ሊሳለም።

«እግዚአብሔር ይባርካችሁ ልጆቼ» አሉና መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ ከዳር ጀመሩ። ከእኔ።

መቺው መንደርደር ጀምሯል። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት የፈለግሁት እኔ ነኝ። አንገቴ ግን ከሕጉ በፊት የለመደው ነገር ነበረው። ጎንበስ አልኩ። የመስቀሉ እንጨት ግንባሬን፣ ቀጥሎም ከንፈሬን ነካ፤ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። በዚያው ቅጽበት ኳሱ ሲመታ «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ሕዝቡ እየዘለለ ነው። ኳሱ ከቋሚው ውጭ አልፏል። አምበላችን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «እንቁላሉ የእኛ! የእኛ!»

«ተንቀሳቅሷል!» አለ የጋራዡ ልጅ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። «ያ ዳር ያለው ልጅ ጎንበስ ብሏል! አይቼዋለሁ!»

«ተው እንጂ» አለው የገዛ ጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መስቀል እኮ ነው የተሳለመው።»

ቲቸር ኳሱን ስትከተል እኔን አላየችኝም። ወደ እኔ መጣች። ሜዳው ሁሉ ተከትሏት መጣ።

«አንተ ሕግ ጻፍክ» አለችኝ። «አንተ ንገረኝ። ተንቀሳቀስክ?»

አምበላችን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «መስቀል መሳለም መንቀሳቀስ አይባልም በላት» አለኝ።

በአንድ ቃል ያን ሁሉ ሕዝብ ደስ ማሰኘት እችል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው የማልወድበት ቀን የለም። አባ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው፣ ፊቴን ያዩታል። ጥፋቴን ሁሉ የምናገረው ለእሳቸው ነበር።

«ተንቀሳቅሻለሁ» አልኩ።

የሕዝቡን ማጉረምረም አሁንም እሰማዋለሁ። አምበላችን ክንዴን ለቀቀኝ። «ኳሱ ከሄደ አብረህ ሂድ» አለኝ። «እዚያው ጋሸና ሻይ ቤት ብርጭቆ እጠብ!»

ቲቸር አሥር ሜትር በእርምጃዋ ለካች። የጋራዡ ልጅ ቀለበቱን ወደ ፊት አምጥቶ አስቀመጠ።

«ምን አጠፋን ልጄ?» አሉኝ አባ። «አጠፋህ» አላሉኝም።

አምበላችን ቀረብ ብሎ መስቀል ተሳለመና «አባ፣ ይቅር ይበሉን» አለ። «ኳሱ እስኪመታ ድረስ እዚህ እንደ ቅዳሴ ነው የሚቆመው። አይንቀሳቀሱም፣ አይናገሩም።»

አባ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር መለሱ። «እንደ ቅዳሴ ነው በለኛ!» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ከሜዳው ወጡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰምታችኋል? ልጁ እስኪመታ ድረስ ማንም አፉን እንዳይከፍት። እልል የምትሉም ቆዩ። አንተም ሾፌር፣ እጅህን ከዚያ ነገር ላይ አንሳ!»

እንዲህ ዓይነት ዝምታ ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ክላክሱ ዝም አለ። ካቡ ላይ ያሉት ሕፃናት እንኳ እጃቸውን ወደ ጎን አወረዱ። እኛ አሥራችን ቆምን። አንድ ዝንብ መስቀሉ የነካው ከንፈሬ ላይ አርፋ ወዲያና ወዲህ ስትል ተውኳት። የሚሰማው ነፋሱና የጋራዡ ልጅ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ልጁ ቀና ብሎ ጎሉን አየ። እንደገና አየ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ኳሱ ያለው መስመሩ አጠገብ ስለሆነ፣ ወደ ፊት በቀረበ ቁጥር ሁለቱ ቋሚዎች እየተጠጋጉ አንድ ዛፍ ይመስላሉ። ቀረበለት እንጂ አልቀለለለትም። በኋላ ጓደኛዬ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ብሎኛል፦ «ጋሸና ላይ መኪና ሳይጮህ መትቼ አላውቅም። እናንተ እንደዚያ ዝም ስትሉ የገዛ ልቤን ሰማሁት። እግሬ ከዳኝ።»

ተንደረደረ። መታ። ኳሱ ከራሳችን በላይ እየተሽከረከረ መጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ባሕር ዛፉ «ኳ!» አለ።

ኳሱ ከኋላችን ሳይሆን ከፊታችን ሣሩ ላይ ወደቀ፤ አንድ ጊዜ ነጥሮ እንደ ልማዱ ወደ ፈለገበት ዘለለ፣ ቆመ። ቲቸር የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋች። አሁንም ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም ወደ አባ ያያል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ አባ። «እልል በሉ እንጂ!»

እልልታው ከተራራው ደርሶ ተመለሰ። አምበላችን ኳሱን ከመሬት አነሳና ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ ደረቴ ላይ አስታቀፈኝ፤ ቀጥሎ እኔንም ኳሱንም አንድ ላይ ተሸከመን። የጋራዡ ልጅ ሳይቀር አጨበጨበ። ቲቸር «ጎበዝ» አለችኝ፤ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ነበረች፤ በዚያ ጩኸት መሐል ግን በደንብ አልሰማኋትም። አባ ኳሱን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ ነው እንቁላሉ?» አሉ። «ይሄስ ጾም አያስገድፍም።»

ቲቸር በሳምንቱ ሄደች። ኳሱ ሁለት ክረምት አገለገለን። ጋሸናዎችም እየመጡ ተጫወቱበት፤ እንግዲህ ሌላ የት ያገኛሉ? በመጨረሻ ስፌቱ ሲለቅ ጭድ ሞልተን አንድ ዓመት ጨመርንለት።

አባ ያረፉት ባለፈው ወር ነው፤ እህቴ ናት በስልክ የነገረችኝ። ፈተና ላይ ስለነበርኩ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ልመጣ ስል ለመሰናበት የሄድኩ ዕለት ነው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ቤታቸው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ድምፄን ሲሰሙ ለዩኝ። ፊታቸው ቆምኩ። መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ወደ እኔ ሳይዘረጉ ያዝ አድርገው ቆዩ።

«ዛሬ የሚመታ ሰው የለም?» አሉኝ።

«የለም አባ።»

«በደንብ አይተሃል?»

ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ላይ አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች።

«የለም አባ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ጎንበስ በል» አሉኝ።