የባለቤቴ እጅና የላብራቶሪ አይጦች

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ እንጭኒ፣ ኋላም አምቦ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖረ። ከክፍል ያስወጣው የእጁ መንቀጥቀጥ ነው። ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ፊደል እያነሰ ሄዶ፣ ፊት የተቀመጡት ተማሪዎች እንኳ ማንበብ አቃታቸው። ሐኪሙ አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር እያለቀ መሆኑን ነግሮን ክኒን አዘዘለት። እሱ ግን ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ፈለገ።

«ግማሹ እንኳ ካለ አስተምራለሁ» ይለኝ ነበር።

የወንድሙ ልጅ አዲስ አበባ፣ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ያንኑ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ እንደሚለካ ሰማን። ለበዓል እንደሚመጣ ሲነገረው ባለቤቴ ሱፍ ልብሱን አስተኮሰኝ። አብሮት ሊሄድ አስቧል።

ልጁ መጣ። ምሳ ላይ ባለቤቴ ስለ ሥራው ጠየቀው።

«ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የአይጥ ዘሮች አሉን፣ ጋሼ። ምግባቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፤ ልኬቱ ግን በየዘሩ ይለያያል።»

«እንግዲያው ዶፓሚን ከተረፈው አይጥ አበድሩኛ!»

ሦስታችንም ሳቅን።

«ቀልዱን ልተወውና፣ ኢልመኮ፣ ልጄ፣ የኔንም ለካልኝ። ልብሴ እንኳ ተተኩሷል።»

ልጁ መብላቱን አቆመ።

«ጋሼ፣ እኛ የምንለካው…»

«ከደም ነው?»

«አይደለም።»

«ከጀርባ አጥንት ውኃ?»

«አንጎሉን አውጥተን ነው።»

ባለቤቴ ስንት ዓመት ለተማሪ እንቁራሪት ቀዶ ያሳየ ሰው ነው። ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«በሕይወት ላለ ሰውስ?» አልኩ እኔ።

«ውጭ አገር መጠኑን የሚያሳይ መሣሪያ አለ ይባላል። እኛ ጋ የለም።»

ልጁ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ባለቤቴ አየው።

«ብላ እንጂ! አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ጉርሻ ጠቀለለለት። እጁ ሲንቀጠቀጥ ወጡ ገበታው ላይ ተንጠባጠበ። ልጁ የአጎቱ እጅ በሄደበት አፉን እያስከተለ ጎረሰ።

«ጎበዝ» አለው።

ልጁ ብቻውን ተመለሰ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲያ ምን ያህል እንደቀረው አላነሳም፤ ስለ ማስተማርም እንዲሁ። ልጁ በሄደ በማግስቱ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እንድቆልፍለት ደረቱን ሰጠኝ። እስከዚያ ቀን ቁልፉን አስነክቶኝ አያውቅም ነበር።