የጧፍ ሰም እና የሙሽራዋ እናት እጅ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ በአክስቴ የውበት ሳሎን እጅና እግር እሠራ ነበር። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከስልኬ ላይ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ነው የለመድኩት።

አክስቴ ሰም የሚያቀልጥ ማሽን ያመጣች ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። እጅ ሞቅ ያለው ሰም ውስጥ ይነከራል፤ ሰሙ እንደ ጓንት ይደርቃል፤ ሲላጥ እጁ የሕፃን ገላ መስሎ ይወጣል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ የተላጠውን ሰብስባ መልሳ ማሽኑ ውስጥ ትጨምረዋለች።

«ኧረ የሰው ላብ የነካው ነው» ስላት፣

«እኔ የቄስ ልጅ ነኝ!» ትለኛለች። «አባቴ ቤት የጧፍ ቁራጭ እየተለቀመ፣ እየቀለጠ፣ መልሶ ጧፍ ሲሆን ነው ያደግሁት። እሳት ያየ ነገር ምን እድፍ አለው?»

ጧፍ ይነዳል እንጂ እጅ አይነከርበትም ብላት ማን ሊሰማኝ!

አንድ ዓርብ፣ እሑድ የምትዳር ሙሽራ እናቷን ከመቂ አስመጥታ ይዛቸው መጣች። እናትየው ዕድሜያቸውን ሽንኩርት ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ተቀመጡ። የሙሽራዋን ጥፍርና የጥፍሯን ዙሪያ ቆዳ ከርክሜ እንደጨረስኩ አክስቴ ጸጉር ከምትሠራበት ሆና፣

«ታላቅ ይቅደም! እማማ፣ ይንከሩ!» አለች።

«ማሎ ልጄ፣ የኔ ይቅርብኝ። እሷን ሥሯት።»

«እምቢ!» አለች ሙሽራዋ። «እሑድ ስትመርቂኝ ፎቶው ላይ እጅሽ ነው የሚታየው።»

እያፈሩ እጃቸውን ሲዘረጉ አውራ ጣታቸው ላይ የቢላ ቁስል አየሁ፤ ገና ያልገጠመ፣ ዙሪያው የቀላ። እሳቸው ከነከሩ በኋላ ደግሞ ልጃቸው ቆዳው ገና በተከረከመ ጣቷ እዚያው ልትነክር ነው።

ክንዳቸውን ያዝ አደረግሁ። ሰው ፊት «ቁስል አለብዎት» ማለት ከበደኝ።

«የሙሽራ እናት ለብቻዋ ነው የምትሠራው» አልኩ።

«ይኼ ደግሞ መቼ የወጣ ሕግ ነው?» አለች አክስቴ።

«ዛሬ!»

ሙሽራዋ ሳቀች። እኔ ቁስሉን አጥቤ በፋሻ ሸፈንኩት፤ ያንን እጅ ሰም አላስነካሁትም፣ መዳፉን ብቻ ቅባት ቀባሁት። ለሌላው እጃቸውና ለሙሽራዋ አዲስ ሰም በድስት አቅልጬ፣ ሙቀቱን አንጓዬ ላይ እየሞከርኩ በየተራ በጭልፋ አፈሰስኩ። የተላጠውን ቆሻሻ ውስጥ ስጥል አክስቴ ጮኸች።

«ሰም ይጣላል እንዴ!»

እናትየው ሲወጡ ሊመርቁን ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አክስቴ «አሜን» ልትል ጎንበስ እንዳለች ፋሻውን አየችው። ቀና ብላ ማሽኑን አየች፣ ከዚያ እኔን።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ አክስቴ አሮጌውን ሰም ሁሉ አውጥታ ጥላው፣ ማሽኑን በጨርቅና በሳሙና ትወለውል ነበር።