ለፊደል ስብሰባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ

ሐበሻ ስደተኛ በሚበዛበት በኢስትሊ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አለ፤ እዚያ ቤት ምግብ አዝዤ አላውቅም ነበር። ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ባለቤቷ እትዬ ያዩኛል፣ ደስ ያላቸውን ያመጡልኛል። ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ከሳህ ካሉኝ ቅቅል። አንዴ ሜኑ ላነሳ ስል ከእጄ ነጠቁኝ። «ልጄን ደግሞ ምን ትበላለህ ብዬ ልጠይቅ?» አሉ፤ ስቀን አለፍን።

እኔ የውጭ ድርጅቶች ባሉበት በጊጊሪ ሰፈር ነው የምሠራው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። እትዬ የእኔን ሙያ የሚያውቁት በስልካቸው ነው። የላቲን ፊደል ስለማያነቡ ድረ ገጽ መክፈት ሲፈልጉ ስልኩን ያቀብሉኝና «እስቲ ክፈትልኝ» ይላሉ። እኔ ከሌለሁ አጠገባቸው ለተቀመጠ ለማንም ይሰጡታል። አንድ ቀን እንዲህ የሰጡት ሰውዬ ልጃቸው የላከችላቸውን መልእክት ጮክ ብሎ አነበበውና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም አብረው ሳቁ። ማታ ግን «ሰለቸኝ» አሉኝ።

ከዚያ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ አዘጋጀ። ጉዳዩ የድረ ገጽ አድራሻ ነበር፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው የአገር ስም ሳይቀር በየአገሩ ፊደል እንዲጻፍ። ዓረቦቹ አላቸው፣ ሕንዶቹ አላቸው። የእኛ ፊደል ተራ ሲደርስ ነገሩ ለእኔ ተሰጠና «አንድ ተጠቃሚ አምጣ፤ ሦስት ደቂቃ ይናገር» ተባልኩ። ሌላ ማን አለኝ? ለእትዬ ነገርኳቸው።

«በገዛ ፊደሌ ጽፌ እከፍተዋለሁ ነው የምትለኝ? ማንንም ሳልለምን?»

«ከተፈቀደ፣ አዎ።»

«እመጣለኋ!»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጥ እያማሰሉ ተለማመዱ። በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ንግግራቸው እስካሁን በቃሌ ነው፦ «እኔ ዳዊት የምደግም ሴት ነኝ። ስልክ ስይዝ ግን መሃይም እሆናለሁ። ፊደል አላጣሁም፤ ስልኩ ነው ፊደሌን የማያውቀው።» እኔ ያን ያህል ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጌ መናገር አልችልም።

በቀጠሮው ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን በር ወረድኩ። እትዬ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። በሁለት እጃቸው ደግሞ በጥልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ! ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድማ። ከኢስትሊ ሁለት ማታቱ ሚኒባስ ቀይረው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጡት። ዳቦው በመፈተሻው ማሽን አላልፍ ብሏል፤ ጥበቃው ግራ ገብቶታል፤ እትዬ በስዋሂሊ እየተቆጡ ቆርሰው ሊያጎርሱት ይታገላሉ።

በዚህ መሀል አለቃዬ ከሁለት የውጭ እንግዶች ጋር ከታክሲ ወረደች። ቆመው አዩ፣ ፈገግ አሉ። ፊቴ ነደደ። በነጠላው አፈርኩ፣ በዳቦው አፈርኩ፣ በድምፃቸው አፈርኩ። አለቃዬ «ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምግብ ያመጣችልን ሴት ናት» አልኩ በእንግሊዝኛ። ምላሴ እንኳ አልተያዘም። ምነው ያኔ በቆረጠው!

እነሱ ሲገቡ ወደ እትዬ ዞሬ «ስብሰባው ቀርቷል» አልኳቸው።

«ውይ! ምነው፣ ሰው ታሞ ነው?»

«አዎ።»

«እግዜር ይማረው። በል እንካ፣ ዳቦውን ባልደረቦችህ ይብሉት፤ ቤት ብመልሰው ይደርቃል።» አቀበሉኝና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ማታቱው ሄዱ። እኔም ቆሜ አየኋቸው፤ አልጠራኋቸውም።

አዳራሽ ውስጥ ሰብሳቢው «ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ላቲን ያውቃል፤ ይህን የሚፈልግ በእርግጥ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ተነሥቼ ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ደቂቃ ለፈለፍኩ። ስለ ሰው አንድም ቃል አልወጣኝም። «ተጠቃሚውስ?» ሲሉኝ «አልተመቻቸውም» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተጠቃሚ አልቀረበም» ተብሎ ተጻፈ፤ የእኛ ፊደል ጉዳይም ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። በሻይ ሰዓት ዳቦው ተቆረሰ። እኔም በላሁ። አዎ፣ በላሁ፤ ጥቁር አዝሙዱ ጥርሴ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ ጨርቁን አጥቤ፣ ተኩሼ ይዤ ሄድኩ። እትዬ እንዳዩኝ ፊታቸው በራ።

«በሉት?»

«በሉት ብቻ! ፍርፋሪ አልተረፈም። ከሕንድ የመጡት፣ ከግብፅ የመጡት፣ ሁሉም እጃቸውን እስኪልሱ...»

የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስብሰባው ቀርቶ ከግብፅ መጡ?»

ጨርቁን ዘረጋሁላቸው። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ እንዴት በወደድኩ! እሳቸው ግን ጨርቁን ተቀብለው በአራት አጠፉት፣ ብብታቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ ከጎን ጠረጴዛ ሜኑውን አንሥተው ፊቴ አስቀመጡት።

«ምን ልታዘዝ?» አሉኝ።